የመጽሐፉ ጀርባና የኔ ፊት

ስፖርተኛ መጽሐፍ መጻፍ ሲጀምር እሱ መሮጥ ያቆማል፤ መሮጥ የሚጀምረው አንባቢው ነው።

ይቺን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ፤ የኔ ናት። በተናገርኳት ዕለት ተጨብጭቦልኛል፤ በአራተኛው ቀን ደግሞ አዋርዳኛለች። አባቶቻችን «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ሲሉ ፖድካስት የሚባል ነገር አልነበረም። ያን ጊዜ አፍህ ወለም ቢል የሚሰማው ቢበዛ ከአጥሩ ወዲያ ያለው ጎረቤት ነው። ዛሬ አገር ይሰማዋል፤ ያመለጠው ካለም ወደ ኋላ መልሶ ይሰማሃል፤ ሲያሰኘው ደግሞ አፍጥኖህ እንደ ዳክዬ ያንጫጫሃል።

ለማታውቁኝ ልንገራችሁ፤ ከፍያለው እባላለሁ። ስሙን ያወጡልኝ አባቴ ናቸው፤ ቁመቴን ሳያዩ ተቻኩለው። ላምበረት፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ነው ቤቴ። ጡረተኛ ነኝ። በወጣትነቴ ለአንድ ፋብሪካ ቡድን እግር ኳስ ተጫውቻለሁ። «ተጫውቻለሁ» ስል... ማሊያ ነበረኝ ማለቴ ነው። ከቡድኑ ሁሉ የኔ ማሊያ ንጹሕ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ለእናንተ ልተወው።

ጡረታ ስወጣ ሁለት ነገር ለመድኩ፤ መጽሐፍ ማንበብና አስተያየት መስጠት። ሁለቱ የግድ አብረው መሄድ አለባቸው ያለኝ ሰው አልነበረም።

የእህቴ የልጅ ልጅ ቤዛ፣ ናቲ ከሚባል ጓደኛዋ ጋር «የተቀያሪ ወንበር» የሚባል የስፖርት ፖድካስት አላት። ስሙን ስሰማ ስለኔ የተሠራ መስሎኝ ነበር። እናም አድማጭ ሆንኩ። አድማጭ ሲባል ደግሞ ዝም ብሎ የሚያዳምጥ እንዳይመስላችሁ፤ በየሳምንቱ በቴሌግራም በድምፅ አስተያየቴን እልካለሁ። አንዱ አሥራ አንድ ደቂቃ ወጣው። ቤዛ ደውላ «ጋሼ፣ የእርስዎ አስተያየት እኮ ከፕሮግራማችን ሊረዝም ነው» አለችኝ። ምስጋና መስሎኝ በሚቀጥለው ሳምንት አሥራ አራት ደቂቃ ላክሁላት።

በዚህ መሐል አንድ አድማጭ ይጽፍላቸዋል። የስፖርተኞችን የሕይወት ታሪክ እየገዛ እንደሚያነብ፣ ሜዳ ላይ የወደዳቸውን ሁሉ መጽሐፍ ላይ እየጠላቸው እንደተቸገረ ይናገራል። እሱን ተከትሎ ሌላው፣ ሌላውን ተከትሎ ሌላው... ለካ አገሩ ሁሉ ታፍኖ ነው የኖረው። ቤዛና ናቲ በዚህ ጉዳይ አንድ ሙሉ ዝግጅት ሊሠሩ ወሰኑና ማንን እንጋብዝ ሲሉ፣ ናቲ «እኚያ የአሥራ አራት ደቂቃው ሰውዬ ይምጡ፤ ቢያንስ እዚህ ሲሆኑ እናስቆማቸዋለን» አለ። ይህን የነገረችኝ ቤዛ ናት፤ ያስቀዋል ብላ።

ሦስት መጽሐፍ በፌስታል ይዤ ጉርድ ሾላ ሄድኩ። አራተኛ ፎቅ ነው። ሊፍት አለ፤ አይሠራም እንጂ። ክፍላቸው ውስጥ ግድግዳው በሙሉ የእንቁላል መደርደሪያ ካርቶን ተለጥፎበታል፤ ድምፅ እንዳያስተጋባ ነው አሉኝ። ደረጃው ትንፋሼን ጨርሶት ስለነበር መሐሉ ላይ ሲያስቀምጡኝ ለመታቀፍ የተዘጋጀች ዶሮ መሰልኩ።

አሁን ስለ መጽሐፎቹ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ፤ ሦስቱም በጋዜጣ የተሸፈኑ ናቸው። ልማዴ ነው። መጽሐፍ እጄ በገባ ቀን፣ ገና ሳልገልጠው፣ ፊትም ጀርባም በጋዜጣ እሸፍነዋለሁ። በእኛ ጊዜ መጽሐፉን ሳይሸፍን ትምህርት ቤት የሄደ ልጅ መዳፉ ነበር የሚጠየቀው፤ መዳፌ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ቤዛ በቪዲዮም እንደሚቀረጽ ስትነግረኝ ጋዜጣው እንዴት ደስ እንዳለኝ! የማንንም ስም አልጠራም፤ ሽፋኑም አይታይም። ጨዋ ሰው ነኝ፤ የማማው ስም ሳልጠራ ነው።

የመጀመሪያው መጽሐፍ የእግር ኳስ ተጫዋች ነው። ትውልዱን ከሰባት ቤት ይጀምራል። አያቱ መጡ፣ ቅድመ አያቱ መጡ፣ የቅድመ አያቱ በቅሎ ከነመልኳ መጣች፤ ኳስ ግን የለም። ዘጠና ደቂቃ እኮ ሙሉ ጨዋታ ነው፤ እሱ በዘጠናኛው ገጽ ገና ማሊያ አልለበሰም። ሁለተኛው አሠልጣኝ ነው። ይህ ሰው ተሸንፎ አያውቅም። የሚሸነፈው ሜዳው ነው፣ ዝናቡ ነው፣ ዳኛው ነው፣ የዳኛው ሚስት ናት። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ያልተወቀሰ አንድ ሰው ብቻ አለ፤ ፎቶው ሽፋኑ ላይ ያለው።

ሁለቱ ልጆች ሳቁ። እነሱ ሲስቁ እኔ ሞቀኝ። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይሉ የለ?

ሦስተኛውን አወጣሁ። ይህ ሯጭ ነው አልኩ። በመጽሐፉ ውስጥ ያሉት ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ናቸው፤ በሶ ጠጣሁ፣ ሮጥኩ፣ ፈጣሪ ይመስገን። ገጹን ስትገልጥ ተራቸው ይቀያየራል። ከዚያ መነጽሬን አድርጌ፣ ድምፄን እንደ ዜና አንባቢ ጎርነን አድርጌ አነበብኩላቸው፦ «በዚያን ዕለት ማለዳ ተነሣሁ። በሶዬን ጠጣሁ። የጫማዬን ክር አሠርኩ። ክሩ ተፈታ። መልሼ አሠርኩት።»

ቤዛ ከማይክራፎኑ ዞር ብላ ሆዷን ያዘች። ናቲ እንባውን እየጠረገ «ጋሼ፣ ጨረሱት ግን?» አለኝ።

«ልጄ፣ መቶ አርባኛው ገጽ ላይ ጎኔን ወጋኝና አቋርጬ ወጣሁ» አልኩት። እዚህ ላይ ነው ያቺን የመግቢያ ዓረፍተ ነገር የተናገርኳትና የተጨበጨበልኝ።

በእግሬ ነው ወደ ቤት የተመለስኩት፤ ደስታው ታክሲ አላስገባኝም።

አሁን ለእናንተ ልናዘዝ። የሦስተኛው መጽሐፍ ደራሲ ሂርጳ ነው። ሂርጳ ማለት ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው እንጦጦ ማርያም አብረን የምንወጣ ወዳጄ ነው። የየካ ልጅ ነው፤ የአባቱ የገብስ ማሳ ዛሬ ኮንዶሚኒየም ሆኗል። በወጣትነቱ ለክለብ ሮጧል፤ ብዙ ጊዜም አራተኛ ወጥቷል። ሜዳሊያ ለሦስት ሰው ብቻ መሆኑ የሱ ጥፋት አይደለም። መጽሐፉን «አርባ ዓመት ዳገት ላይ» ብሎታል፤ አንባቢውንም ይዞት ይወጣል።

«እንዴት በወዳጅህ ትቀልዳለህ?» ትሉኝ ይሆናል። ስሙን አልጠራሁም። ደግሞ የሂርጳ ስልክ ቁልፍ ያላት ናት፤ መደወልና መነሳት እንጂ ሌላ ሙያ የላትም። ፖድካስት ቢሉት የእህል መድኃኒት ነው የሚመስለው። ማን ይነግረዋል ብዬ ነው።

ዝግጅቱ በወጣ በሁለተኛው ቀን ቤዛ የአድማጮችን አስተያየት ላከችልኝ። ባለቤቴን ወይዘሮ ትርንጎን ከጎኔ አስቀምጬ ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። «ፋዘር ይመችዎት! በሳቅ ገደሉን» ይላል አንዱ። «እኚህን ሰውዬ ቋሚ አድርጉልን» ይላል ሌላው። በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው፤ ማንም ቋሚ አድርጉት ብሎልኝ አያውቅም። አንዷ ደግሞ ቤዛ ትንሽ ዝም ብትል ጋሼ የበለጠ ይናገሩ ነበር ብላለች፤ ይቺን ለቤዛ መልሼ በድምፅ ላክሁላት። አንዱ ብቻ «መተቸት ቀላል ነው፤ እሳቸው ራሳቸው ምን ሠርተዋል?» ብሎ ጠይቋል። ወይዘሮ ትርንጎ ራሷን ነቀነቀችና «ይህ ልጅ የሚያውቅህ ይመስለኛል» አለች።

ቀጥሎ ያለውን ግን ጮክ ብዬ ጀምሬ በሹክሹክታ ጨረስኩት። «ያ የበሶው መጽሐፍ እኔም ጋ አለ። ጀርባውን ግን አይታችሁታል?» ይላል። ከሥሩ ፎቶ አለ። የመጽሐፉ የኋላ ሽፋን ነው፤ እርቃኑን፣ ያለ ጋዜጣ። በላዩ ላይ እንዲህ ተጽፏል፦

«ይህን መጽሐፍ አንዴ ከጀመርኩት በኋላ ከእጄ ላስቀምጠው አልቻልኩም። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በአንድ ትንፋሽ ጨረስኩት። ለአገራችን የስፖርት ሥነ ጽሑፍ ፈር ቀዳጅ ነው። — ከፍያለው፣ የቀድሞ የእግር ኳስ ተጫዋችና ሃያሲ።»

ከሥሩም ፎቶዬ አለ። ስቄያለሁ።

እንግዲህ በእኛ አገር መጽሐፍ ፊቱ የደራሲው፣ ጀርባው የወዳጆቹ ነው። ጀርባው ላይ አስተያየት የሚሰጥ ሰው ሥራው ማንበብ ሳይሆን መመስከር ነው። እከክልኝ ልከክልህ ነው ነገሩ፤ የሚታከከውም ጀርባ ነው። ሂርጳ ገና ረቂቅ ሳለ በኮምፒውተር አስጽፎ፣ በሲባጎ አሥሮ፣ ቤቴ ድረስ አምጥቶ «እየው፤ የሚስተካከል ካለ ንገረኝ» ብሎኝ ነበር። አየሁት፤ ወፍራም ነው። ስድስት ወር ሙሉ ቴሌቪዥናችንን ከፍ አድርጎ ይዞልናል። ማተሚያ ቤት ሊገባ ሲል ሂርጳ ደወለልኝና ለጀርባው የሚሆን አስተያየት ጠየቀኝ። ላምበረት የታክሲ ሰልፍ ላይ ነበርኩ፤ ተራዬ ሊደርስ ሦስት ሰው ነው የቀረው። «ጻፍ» ብዬ በስልክ አወረድኩለት። «በአንድ ትንፋሽ» ያልኩት ውሸት አይደለም፤ የተናገርኩት በአንድ ትንፋሽ ነው። «ከእጄ ላስቀምጠው አልቻልኩም» ያልኩትም እውነት ነው፤ ያላነሳሁት ነገር እንዴት ይቀመጣል? «ሃያሲ» የምትለዋን የጨመርኳት ታክሲው በር ላይ እግሬን አንስቼ ነው።

መጽሐፉ ታትሞ ሲሰጠኝ የዚያኑ ቀን በጋዜጣ ሸፈንኩት። ፊቱንም ጀርባውንም። ያነበብኩት ደግሞ ባለፈው ክረምት ነው፤ ቴሌቪዥኑ ሲበላሽ። ታክሲ ሰልፍ ላይ የተናገርኩትን ማን አስታውሶት!

አድማጮች ግን አልረሱም። ከዚያች ፎቶ በኋላ የመጣውን ሁሉ ብነግራችሁ ወረቀት አይበቃኝም። አንዱ «መቶ አርባኛው ገጽ ላይ አቋርጠው በአንድ ትንፋሽ እንዴት ጨረሱት?» ሲል፣ ሌላው «ትንፋሻቸው እስከዚያው ነዋ» ብሎ መለሰለት። ሦስተኛው፣ ሁለቱ ጋሽ ከፍያለው ተገናኝተው ይከራከሩልን አለ። ያ ቋሚ አድርጉልን ያለው ልጅ እንኳ ተመልሶ መጥቶ «ቀይሯቸው» ብሏል። ቤዛ ደወለችልኝ። ድምፅዋ የሐዘን ነው፤ ግን ሳቋን እንደዋጠች ያስታውቃል። ናቲ አስተያየቶቹን በማግስቱ በአጭር ልዩ ዝግጅት እናንብብ እንዳለ፣ እሷ እንደተቃወመች፣ ሆኖም እንደተነበበ ነገረችኝ። «ጋሼ፣ በጣም ይቅርታ። ግን እንደዚህ ተደምጠን አናውቅም» አለች።

ወይዘሮ ትርንጎ ሁሉንም ሰምታ ከጨረሰች በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«ሂርጳ ሰምቷል?»

«የሱ ስልክ አያሰማም» አልኳት።

«የልጁስ ስልክ?»

እዚህ ላይ ቀልዴ አለቀ። እንጦጦ መውጣት ስንጀምር ስምንት ነበርን። ሦስቱ ዐርፈዋል። ሁለቱ ጉልበታቸው እምቢ ብሏቸዋል፤ አንዱ ልጆቹ ጋ ሐዋሳ ገብቷል። የቀረነው እኔና ሂርጳ ነን። ሌላው ቀን ሁሉ የጡረተኛ ቀን ነው፤ ሰኞን ከሐሙስ የምለየው በሬዲዮው ነው። ቅዳሜ ግን ቅዳሜ ነው። ሂርጳ «አልመጣም» ካለ የሳምንቴ አከርካሪ ተሰበረ ማለት ነው። አስቡት፤ ለአንድ ጭብጨባ ብዬ!

ዐርብ ዕለት ልደውልለት ስልኬን አራት ጊዜ አነሳሁ፤ አራት ጊዜ አስቀመጥኩ። «ሰላም፣ እንዴት ነህ፣ መጽሐፍህን አገር ሰምቶ ስቆብሃል» ተብሎ እንዴት ይጀመራል? በመጨረሻ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ቅዳሜ ማለዳ ዳገቱ ሥር ቆምኩ።

መጣ። በሰዓቱ። እንደወትሮው ስለ ወይዘሮ ትርንጎ ጠየቀኝ፣ ስለ ጉልበቴ ጠየቀኝ፣ ከዚያ ከፊት ከፊት መውጣት ጀመረ። ሰባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ዳገቱን ሲይዘው ግን እግሩ አሁንም ለክለብ ይሮጣል። እኔ ከኋላው እየተንጠለጠልኩ ነገሩን ልጀምር እሞክራለሁ። «ሂርጳ...» እላለሁ፤ ትንፋሼ ያልቃል። መታጠፊያው ላይ «ስማኝማ...» እላለሁ፤ ሳል ይይዘኛል። ኃጢአትህን ዳገት ላይ ልትናዘዝ አትነሳ፤ ንስሐ ሳንባ ይፈልጋል። እሱ ዞር አይልም። ባሕር ዛፉ መሐል ጭጋጉ ገና አልተነሳም፤ የማየው ጀርባውን ብቻ ነው። የመጽሐፉም የሰውየውም ጀርባ ፈራጄ ሆነ።

ማርያም ስንደርስ ተሳለምን። ከግቢው ውጭ ሁልጊዜ የምናርፍባት ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ሂርጳ ከጃኬቱ ኪስ መጽሐፉን አወጣ። የራሱ ነው፤ አልተሸፈነም። ጀርባውን ወደ ላይ አድርጎ በመሐላችን አስቀመጠው።

«አንብብልኝ» አለ።

«መነጽሬን አልያዝኩም» አልኩት።

«በቃልህ የምታውቀው መስሎኝ።»

መነጽሬን ከደረት ኪሴ አወጣሁ። አነበብኩለት። በዚህች ምድር ላይ የራሴን ምስጋና እንደዚያ እየተሸማቀቅሁ የማነብ አይመስለኝም ነበር። ሂርጳ ዓይኑን ቁልቁል ከተማው ላይ ተክሎ እስክጨርስ ጠበቀና «ጥሩ ነው። ማነው የጻፈው?» አለ።

ይቅርታ ጠየቅሁ። ስሙን እንዳልጠራሁ፣ ልጆቹ ሲስቁ እንደሞቀኝ፣ ረቂቁንም እንዳላነበብኩ ሁሉንም ዘረገፍኩ። የቴሌቪዥኑን ነገር ብቻ ዋጥኩት፤ እንዲህም ሆኖ ሰው ለነፍሱ ያህል አንድ ነገር ማስቀረት አለበት።

ልጁ ሦስት ጊዜ እንዳሰማችው ነገረኝ። መጀመሪያ ተናዶ፣ ሁለተኛ ዝም ብሎ፣ በሦስተኛው የጫማው ክር ላይ ሲደርስ እሱም እንደሳቀ ነገረኝ። በሶው መብዛቱን፣ መጽሐፉ ከታተመ በኋላ ልጁም ነግራው ነበር። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ አለኝ፦

«በመሳቅህ አልተቀየምኩም። ረቂቁ አንተ ቤት ስድስት ወር ነው የከረመው። ያኔ ብትነግረኝ ኖሮ በሶውን እቀንሰው ነበር።»

እዚያች ድንጋይ ላይ ቁመቴ የባሰ አጠረ። የሰደበኝ አድማጭ ሁሉ ተሰብስቦ ይቺን የምታህል ነገር አልተናገረኝም። ከፌስታሌ ዳቦ አወጣሁና ገመስኩለት። ተቀበለኝ። ጉንጩ ሞልቶ ፍርዴን አሰማኝ፤ መጽሐፉን ከአቋረጥኩበት እጀምራለሁ፣ እጨርሳለሁ፣ እሱም በየቅዳሜው ዳገቱ ላይ ይጠይቀኛል። ካልመለስኩ ብቻውን ይወጣል።

እንዲህ በስተርጅና ተማሪ ሆንኩ። አስቡት፤ የመጨረሻው ጥምዝ ላይ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ስትመታ ሂርጳ ዞር ይልና «ገጽ መቶ ስድሳ ላይ ጫማ ያዋሰኝ ማነው?» ይለኛል። «የ... የክለቡ... ወጥ ቤት...» «ስሙ?» «እሱን... ቆይ...» ካላወቅሁ ፍጥነቱን ይጨምራል። አንድ ቅዳሜ የተወዳደረበትን ከተማ ከሌላ ጋር አምታትቼበት፣ እስከ ማርያም በር ድረስ መልኩን አላየሁትም። ወይዘሮ ትርንጎ ዐርብ ዐርብ ከሰዓት ታስጠናኝ ጀመር። እሷ ከኔ ቀድማ ጨርሳዋለች፤ መጨረሻውን ግን አልነግርህም ትለኛለች፤ ትስቃለችም።

ደግሞ የሚገርመውን ልንገራችሁ። ከመቶ ሰማንያ በኋላ በሶው ይቀንሳል። ጉልበቱ የተጎዳበት ዘመን ሲመጣ ሰውዬው መሮጡን ትቶ ማየት ይጀምራል። አንድ ገጽ አለች፤ አራተኛ የወጣ ሰው የሦስቱን ጀርባ ከማንም በላይ እንደሚያውቅ፣ የአንደኛው ማሊያ ትከሻው ላይ መቀደዷን ከአሸናፊው ቀድሞ እሱ እንዳየ የሚናገርባት። እሷን ሁለት ጊዜ አነበብኳት። ሳልታዘዝ።

በአምስተኛው ሳምንት የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ደረስኩ። ርዕሱ «ወዳጄ ከፍያለው» ይላል።

መነጽሬን ጠረግሁ። እንደገና አየሁት። እሱው ነው።

ስድስት ገጽ ሙሉ ስለኔ ነው። አገር ያላወቀው ተጫዋች ይለኛል። አንድ ዝናባማ ቀን፣ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው፣ ከተቀያሪ ወንበር ተነስቼ ጭቃውን እየሰነጠቅሁ እንደገባሁ፣ ተመልካቹ በእግሩ ቆሞ እንደተቀበለኝ፣ ከማዕዘን የተሻማችውን ኳስ ከተከላካዮቹ ሁሉ በላይ ዘልዬ በግንባሬ መረቡ ላይ እንዳሳረፍኳት ይተርካል። «ከፍያለው ያን ዕለት እንደ ስሙ ሆነ» ይላል። በሶ የለም። የጫማ ክር የለም። አንባቢ ሆይ፣ በአንድ ትንፋሽ ጨረስኩት! ከእጄ ላስቀምጠው አልቻልኩም! ወይዘሮ ትርንጎ ምሳ ቀርቧል ብላ ሦስት ጊዜ ጠራችኝ፤ አልሰማሁም።

ሦስተኛ ጊዜ ሳነበው ግን ላብ አጠመቀኝ። እኔ እኮ ቡድኑ ውስጥ በቆየሁባቸው ሦስት ዓመታት ሜዳ የገባሁት አንድ ቀን ነው። ዝናብ ነበረ፤ እውነት ነው። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ቀርቶ ነበር፤ ይህም እውነት ነው። አሠልጣኙ «ከፍያለው፣ ግባ» ያለኝ ግን ሜዳው ውስጥ ውሻ ስለገባ ነው። አባርሬ እንዳስወጣ። ተመልካቹም በእግሩ የቆመው ውሻው ወደ የት እንደሚሄድ ለማየት ነው። ተንሸራትቼ ወደቅሁ፤ ማሊያዬ ያን ቀን ብቻ ቆሸሸ። ውሻው በራሱ ጊዜ ወጣ።

እንግዲህ በአደባባይ ያዋረድኩት መጽሐፍ፣ በዓለም ላይ እኔን የሚያመሰግን ብቸኛው መጽሐፍ ነው። ያቋረጥኩትም ከራሴ ጋር ልገናኝ ጥቂት ሲቀረኝ ነው።

ቅዳሜ ደረሰ። ዳገቱን ስንጀምር ሂርጳ አልፈጠነም፤ ከጎኔ ሆኖ ሄደ።

«ጨረስክ?»

«ጨረስኩ።»

«እህ?»

«የመጨረሻው ምዕራፍ... ግሩም ነው» አልኩት። እውነቴን ነው።

ጥቂት እንደሄድን አላስችለኝ አለ። ያን ጨዋታ የት ሆኖ እንዳየው ጠየቅሁት።

«የት አይቼው?» አለ። «አንተ ነህ የነገርከኝ። እዚሁ ዳገት ላይ፣ ስንት ቅዳሜ። አመንኩህ።»

አያችሁ! እኔ የሱን ረቂቅ ሳልገልጥ መሰከርኩ፤ እሱ የኔን ወሬ ሠላሳ ዓመት አዳምጦ፣ አምኖ፣ በቀለም አሳተመው። የጉራ ዕዳው ይህን ያህል ዘመን ቆይቶ በስድስት ገጽ መጣብኝ። አሁን እውነቱን መናገር አለብኝ አልኩ። ስለ ረቂቁ ያኔ ዝም ብዬው ምን እንደደረሰ አይቻለሁ፤ ደግሜ ዝም አልለውም። ቆምኩ። እሱም ቆመ። ፊቱን አየሁት፤ ያ ምዕራፍ ከመጽሐፉ ሁሉ የሚኮራበት መሆኑ ያስታውቃል። ትንፋሼን ሰበሰብኩ።

«ሂርጳ» አልኩት፣ «ስለዚያች ግብ አንድ ያልነገርኩህ ነገር አለ።»

«ምን?»

አፌን ከፈትኩ። ውሻው ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር።

«በግንባሬ አይደለም ያገባኋት፤ በግራ እግሬ ነው። በሁለተኛው እትም ይታረም» አልኩት።

ምን ላድርግ? በዚህ ቁመቴ በግንባር ቢባል ማን ያምናል? ሃያሲ ነኝ፤ ለእውነት መቆርቆር አለብኝ።